የራስ የሆነውና በሰው እጅ ያለው፦ ስለ ተረትና ምሳሌ የቀረቡ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልስላቸው ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የተላኩ ቢሆኑም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ጸሐፊዎቹ ስለ ራስ ሀብት፣ ስለ ራስ ጉልበትና በሰው ላይ ስለ መደገፍ የሚናገሩ ተረትና ምሳሌዎችን አንሥተው፣ አንዳንዶቹ ትርጉማቸውን፣ ሌሎቹም በገዛ ኑሯቸው ላይ ምን ፍርድ እንደሚሰጡ ጠይቀዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ሰው ለሰው ስላለበት ኃላፊነት ሳከራክር አንዱ «ከራስ በላይ ነፋስ» ብሎ ተነሣ፤ አንዷ ደግሞ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብላ መለሰችለት፤ ክፍሉም ለሁለት ተከፈለ። እኔ ራሴ የአባቶች ምክር የትኛው እንደሆነ ቆርጬ መናገር አቃተኝ። ሁለቱም የእኛ ከሆኑ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም ወይ?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ያደረጉት ነገር ተረትና ምሳሌ በአገራችን ለዘመናት ሲያገለግል የኖረበት ዋነኛ መንገድ ነው። በቀድሞው ሙግት «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በዳኛ ፊት የሚቆሙ ባላጋራዎች ክሳቸውንም መከላከያቸውንም በግጥምና በምሳሌ ያጠናክሩ ነበር፤ ምሳሌ የተወረወረበት ወገንም የሚመክትበት ምሳሌ ያስፈልገው ነበር። ለእንዲህ ያለ አገልግሎት የኖረ ንግግር እንደ ሕግ አንቀጽ አንዱ ከሌላው እንዳይጋጭ ተመርምሮ የተደረደረ ሊሆን አይችልም፤ ለከሳሹም ለተከሳሹም፣ ለሰጪውም ለከልካዩም የሚሆን ቃል በአንድ ጎተራ ውስጥ ተቀምጧል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለው ሕዝብ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ያለውም እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ የትኛው ትክክል እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ ማን፣ ለማን፣ ምን ከደረሰበት በኋላ እንደተናገረው መጠየቅ ይሻላል።

«ከራስ በላይ ነፋስ» የሚሰማባቸውን ጊዜያት ያስቡ። ለዘመዱ ተያዥ ሆኖ ከፈረመ በኋላ፣ ዘመዱ ሲጠፋ ዕዳው ከደሞዙ የሚቆረጥበት ሰው ይለዋል፤ ወንድሞቿን ለማስተማር ትምህርቷን አቋርጣ፣ እነርሱ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የሚያስታውሳት ያጣች እኅትም ትለዋለች። በእነዚህ ሰዎች አፍ ቃሉ ከምክርነቱ ይልቅ ምስክርነቱ ይጎላል፤ ሰው በመጨረሻ የሚቆመው በገዛ እግሩ እንደሆነ ዘግይቶ የተረዳ ሰው ንግግር ነው። በአንጻሩ ሞልቶ የተረፈው ሰው ደጁን ያንኳኳውን ጎረቤት ባዶ እጁን ለመመለስ ይህንኑ ቃል ሲያነሣው ተራ ሰበብ ይሆናል። የእርስዎ ተማሪ የተጠቀመበት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ይመስለኛል፤ ገና ለማንም ተያዥ ሆኖ ስለማያውቅም አልፈርድበትም።

ራስ ወዳድነትን በግልጥ የሚናገር ምሳሌ ቢፈልግ ኖሮማ ሌላ ነበረለት፦ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ»። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ንግግሩ በማን አፍ እንደተቀመጠ ነው። የአማርኛ ተረትና ምሳሌ ሊያሳፍረው የሚፈልገውን ሐሳብ ብዙ ጊዜ ለእንስሳ ወይም ለሞኝ ይሰጠዋል፤ «አለች አህያ» ወይም «አለ ጅብ» የሚል ማሰሪያ ያለው አባባል ሲያጋጥመን ቃሉን እንድንከተለው ሳይሆን እንድንስቅበት ተጋብዘናል ማለት ነው። «ከራስ በላይ ነፋስ» እንዲህ ያለ ማሰሪያ የለውም። ሕዝቡ አልሳቀበትም፤ እውነትነቱን ተቀብሎታል፤ የሚያከራክረው እስከ የት ድረስ እንደሚሠራ ብቻ ነው።

ይህን ድንበር ለማየት ምሳሌዎቹ የተወለዱበትን የገበሬ ኑሮ መመልከት ይጠቅማል። በደጋው አገር ማረሻ የሚጎተተው በጥንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ በራሱ በሬ ብቻ ማረስ ስለማይችል እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ጥማዱንም ዛሬ በአንዱ ማሳ፣ ነገ በሌላው ማሳ እያፈራረቁ ያርሱበታል። ይህን ስምምነት መቀናጆ ይሉታል። ምንም በሬ የሌለው ሰው ግን ወደ መቀናጆው ይዞት የሚገባ ነገር ስለሌለው፣ ወይ ባለ በሬው ማሳ ላይ ቀን ቆጥሮ በጉልበቱ ይሠራለታል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ከምርቱ ግማሹን ይተዋል። በዚያ ኑሮ ውስጥ ራስን መቻልና መተባበር ተቃራኒዎች አልነበሩም፤ ተባባሪ የሚያገኘው የራሱ አንድ በሬ ያለው ሰው ነበር። በወንፈልም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ በእኔ ማሳ ላይ ያጨደልኝ ሰው ነገ በእርሱ ማሳ ላይ እንዳጭድለት ይጠብቃል። ደቦ የጠራ ሰውም እንጀራውንና ጠላውን ማሰናዳት ይጠበቅበታል፤ ባዶ ድግስ ይዞ ደቦ የሚጠራ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣለት አያገኝም።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ደግሞ ያነጣጠረው ሰው ፈጽሞ ለብቻው ሊወጣው በማይችለው ነገር ላይ ነው። መቃብሩን ራሱ ቆፍሮ፣ አስከሬኑን ራሱ ተሸክሞ የሚቀበር የለም። ዕድር የተመሠረተውም ለዚሁ ነው፤ ዕድርተኛው ወርኃዊ መዋጮውን ይከፍላል፣ ቀብር ይደርሳል፣ ሳይደርስ ከቀረ ይቀጣል፤ በምላሹም በኀዘኑ ቀን ድንኳኑ ይተከልለታል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ይመጣለታል። መዋጮውን ያቋረጠ ሰው ግን ድንኳኑን ይገባኛል ሊል አይችልም። እንግዲህ በጣም የጋራ የምንለው ተቋማችን እንኳ እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ኪስ በሚያወጣው የሚቆም እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ስለዚህ ተማሪዎችዎ ያነሷቸው ሁለት ቃላት ለሁለት የተለያዩ ጥፋቶች የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ኑሮን በሰው ትከሻ ላይ መጣልን፣ ሁለተኛው ያለውን ደብቆ መብላትን ይቃወማል። በሚቀጥለው ክርክር ምሳሌ የሚጠቅስ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ተናጋሪው ማን፣ አድማጩ ማን እንደሆነ እንዲናገር ቢያደርጉ፣ ክፍሉ ዳግመኛ ለሁለት ቢከፈል እንኳ የተከፈለበትን ምክንያት ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። በየስብሰባው «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ሲባል እሰማለሁ። ሰርዶ ምንድን ነው? አባባሉስ የውጭ ሰውና የውጭ ነገር አያስፈልገንም ማለት ነው?

መልስ፦ ልጃችን፣ ሰርዶን ሳታየው አልቀረህም፤ በከተማም ቢሆን በየመንገዱ ዳርና በየኳስ ሜዳው ጠርዝ ምድር ለምድር እየተሳበ የሚያድግ ሣር ነው። ለከብት መልካም ግጦሽ ነው፤ ለማሳ ግን ክፉ አረም ነው። ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም በሚዘረጋቸው ግንዶቹ ስለሚባዛ ማረሻ ሲቆራርጠው አይሞትም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እርጥበት ካገኘ እንደገና ሥር ይሰድዳል። ስለዚህ ገበሬው በበጋ ደጋግሞ እያረሰ ሥሩን ለፀሐይ ያወጣዋል፤ የወጣውንም ለቅሞ ከማሳው ዳር ይከምረዋል ወይም ያቃጥለዋል። ለጤፍ የሚዘጋጅ ማሳ ተደጋግሞ ከሚታረስባቸው ምክንያቶች አንዱም እንዲህ ያለውን አረም ማሸነፍ ነው። ይህን አድካሚ ሥራ የሚወጣው አፈሩን የለመደ፣ ቁልቁለቱንና ድንጋያማውን ቦታ የሚያውቅ የዚያው አገር በሬ ነው።

አባባሉ በአብዛኛው የሚነገረው በሽምግልና ላይ ነው። የአንድ ቀበሌ ሰዎች በድንበር ወይም በውርስ ተጣልተው ጉዳያቸውን ወደ ሩቅ ችሎት ሊወስዱ ሲነሡ፣ አንድ ሽማግሌ ይህን ብሎ ያስቀምጣቸዋል፤ የጠቡን ሥር የምናውቀው እኛ ነን፣ የምንነቅለውም እኛው ነን ማለቱ ነው። በዚህ ትርጉሙ እወደዋለሁ። በር ለመዝጋት ሲጠቀሙበት ግን አልስማማም። ዛሬ ወጥ ያለ እርሱ የማይታሰበው በርበሬ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ በቆሎም እንዲሁ። አዲስ አበባን የከበባት ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። እነዚህን ሁሉ የአገር ልጅ ያደረጋቸው የተዘራላቸው ጉልበትና የተለመደ እጅ እንጂ የትውልድ ቦታቸው አይደለም። ደግሞም አባባሉን በየመድረኩ የሚጠቅሱ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፦ በሬው የአገሩ መሆኑ ብቻ ሰርዶውን አይነቅለውም፤ በበጋው ፀሐይ ተጠምዶ ደጋግሞ ማረስ አለበት።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሪያድ ነው። ለብዙ ዓመታት በሰው ቤት ሠርቼ በላክሁት ገንዘብ በትውልድ ከተማዬ ቤት ተሠርቷል፤ ካርታው ግን የወጣው በታላቅ ወንድሜ ስም ነው። አሁን ጠቅልዬ ለመግባት ሳስብ ጓደኞቼ «የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ስሙን አዙሪ» ይሉኛል፤ እናቴ ደግሞ «ወንድምሽ ባዕድ ነው ወይ? ነገር አታንሺ» ትለኛለች። ወንድሜ ክፉ አላደረገብኝም። ብጠይቀው ዘመድ የማፈርስ ይመስለኛል፤ ዝም ብል ደግሞ እንቅልፍ አጣለሁ።

መልስ፦ እኅታችን፣ ጓደኞችዎ የጠቀሱልዎ ምሳሌ ለእርስዎ አይሆንም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው በተውሶ ጌጥ ሠርግ ለሚሄድ፣ በሌላው ሀብት ለሚኮራና ባልሠራው ሥራ ለሚመሰገን ሰው ነው። የእርስዎ ወርቅ የራስዎ ነው፤ በሰው ስም መቀመጡ ነው የሚያሳስበው። ይህ ምሳሌ በዚህ ነገር ውስጥ የሚገባበት ቦታ ካለ፣ ሰፈሩ «ቤት ሠራ» ብሎ የሚያመሰግነውን ወንድምዎን ነው የሚመለከተው፤ እርሱም በልቡ ሳያውቀው አይቀርም።

ለእርስዎ ጉዳይ የሚቀርበው ምሳሌ ሌላ ነው፦ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል»። ለሞፈር የሚሆን እንጨት ረጅም፣ ቀጥ ያለና ጠንካራ መሆን ስላለበት እንደ ልብ አይገኝም፤ እንዲህ ያለ ዛፍ በደጁ ይዞ የእኔ ነው ብሎ የማይናገር ሰው አንድ ጧት ጉቶውን ብቻ ያገኛል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህን ሁለት ምሳሌዎች ግን ያለ ተቃውሞ አልጠቅሳቸውም። ሁለቱም ጥፋቱን የሚጭኑት በተቆረጠበትና በተነቀነቀበት ሰው ላይ ነው፤ መጥረቢያ ስለያዘው ሰው አንድም ቃል የላቸውም። ዐረብ አገር ሠርተው በባዶ እጃቸው የተመለሱ ብዙ ሴቶች ከደረሰባቸው ጉዳት በላይ «ሞኝ ነሽ» መባሉ ያደማቸው በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘቧን ለቤተሰቧ አምና የሰጠች ሴት ሞኝ አይደለችም። ይሁን እንጂ ምሳሌዎቹ የያዙት አንድ ተግባራዊ እውነት አለ፤ የራስ የሆነ ነገር ሌላው ሰው እንዲያውቀው በአደባባይ መነገር አለበት።

እናትዎ የሚፈሩትን እረዳለሁ። በእኛ ልማድ ከወንድም ጽሑፍ መጠየቅ ወንድምን እንደ መጠርጠር ይቆጠራል። ነገር ግን ጽሑፉ የሚያስፈልገው ዛሬ ለሚወድዎ ወንድምዎ አይደለም። እግዜር ያቆየውና እርሱ ቢያልፍ ቤቱ በሕግ ፊት የእርሱ ውርስ ሆኖ ለወራሾቹ ይተላለፋል፤ ትዳሩ ቢፈርስ ቤቱ በንብረት ክርክር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ለንግዱ ተበድሮ መክፈል ቢያቅተው ገንዘብ ጠያቂዎቹ በስሙ ያለውን ንብረት ይፈልጋሉ። በእነዚህ ነገሮች ሁሉ ውስጥ ወንድምዎ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ለእናትዎም መልሱ ይኸው ነው፤ ባዕድ ስላልሆነ ነው ዛሬ በፍቅር ሊጻፍ የሚችለው።

በሕጉ በኩል ያለው ነገር አጭር ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሰረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የግለሰብ ሊሆን የሚችለው በላዩ የተሠራው ቤትና በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የባለቤትነት ማረጋገጫው በስሙ የወጣለትን ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል፤ ገንዘቡን የላክሁት እኔ ነኝ ብሎ ይህን ግምት ማፍረስ እጅግ አድካሚ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውልም በቃል አይጸናም፤ አንቀጽ 1723 በጽሑፍ እንዲሆንና በሚመለከተው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ የሚለው ቢሮ የሚሠራው ይህን ነው። ስለዚህ ገንዘብ የላኩባቸውን ደረሰኞች ሁሉ ይሰብስቡ፤ ከዚያም ማንንም ሳይልኩ በራስዎ አፍ ለወንድምዎ ይንገሩት። እርሱ ካመነታ በሁለታችሁም ዘንድ የተከበረ ሽማግሌ ያስገቡ፤ ከተስማማ ግን ነገሩን በመሐላና በምርቃት ብቻ ሳያልፉ፣ ስሙ የሚዛወርበትን መንገድ አንድ የሕግ ባለሙያ ጠይቀው እስከ መጨረሻው ያድርሱት። ራስዎ መምጣት ካልቻሉ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ውክልና መላክ ይቻላል፤ ውክልናው ግን ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተወሰነ ይሁን፤ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚል ሰፊ ውክልና ሳያነቡ እንዳይፈርሙ። ከእንግዲህ የሚያጠራቅሙትንም በራስዎ ስም በተከፈተ ሂሳብ ያስቀምጡ፤ ባንኮቻችን ውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ይከፍታሉ። ለእናትዎ የሚላከው ገንዘብ ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ስጦታ ስለሆነ አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ በሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነኝ፤ ሙያውን የወረስሁት ከአባቴ ነው። ልጄ የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ «ነጋዴ ነው» ይላል። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ብዬ ብመክረው «አሞሌ ምንድን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እባክዎ ያስረዱልኝ።

መልስ፦ አሞሌ በአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ በዳሎል አቅራቢያ ካለው የጨው ሜዳ ተቆርጦና ተጠርቦ በግመል ወደ ደጋ ይወጣ የነበረ የጨው ገንዘብ ነው። እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከማርትሬዛ ብር ጋር ጎን ለጎን ይገበያዩበት ነበር። ከጨው ሜዳው በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል፤ ሲሸረፍ ወይም እርጥበት ሲበላው ደግሞ ይቀንሳል። በየእጁ እየታየና እየተገላበጠ የሚያልፍ ገንዘብ ስለነበረ፣ ከፋዩ ራሱ «ትንሽ ተሸርፋለች» ብሎ ካቀረበው የሚቀበለው ሰው በሙሉ ዋጋው ሊወስደው ምንም ምክንያት የለውም። ምሳሌው የተወለደው ከዚህ ነው፤ ልጅዎ ይህን ሲሰማ የሚስቅ አይመስለኝም።

ነገር ግን ልጅዎ ሙያዎን ማቅለልን የተማረው ከአየር አይደለም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸማ የሚሠራው ሁሉ ለብዙ ዘመን ሲሰደብ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያዎችን በሥራቸው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቆጠብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ለጥምቀትና ለሠርግ ጥበብ ለብሶ የሚወጣው ሰው ጥበቡን የሠራውን እጅ ሲንቅ መኖሩ ዛሬም ሳያሳፍረን የሚያልፍ ነገር ነው። አሁን ደግሞ በፋብሪካ የታተመ የጥበብ አምሳያ ገበያውን ሞልቶታል፤ ገዢው የእጅ ሥራውን ከአምሳያው ለይቶ ዋጋውን የሚያውቀው ሸማኔው ሲነግረው ነው። እንግዲህ እርስዎም ይፍቀዱልኝና ልጠይቅ፦ ደንበኛ ሲከራከርዎ ስለ ድሩና ስለ ማጉ፣ በመቀመጫው ላይ ስለቆዩበት ጊዜ ያስረዳሉ ወይስ «ያው ሸማ ነው፣ ያለዎትን ይስጡኝ» ብለው ይሸኛሉ? ልጅዎ አጠገብዎ ቆሞ የሚሰማው ይህን ነው።

ይህን ስል ልጅዎ የግድ ሸማኔ ይሁን ማለቴ አይደለም። በአባት ሙያ መኩራት አንድ ነገር ነው፤ መውረስ ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ሆኖ «አባቴ ሸማኔ ነው» ቢል ምሳሌው በሚገባ ተፈጽሟል።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬን ለቅቄ ከጓደኛዬ ጋር ንግድ ልጀምር ብል ባለቤቴ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ትለኛለች። ይህ አባባል ሰውን ባለበት የሚያስቀር አይደለም ወይ?

መልስ፦ አይደለም። ቆጥ ላይ ያለውን ለማውረድ ክንድ መነሣት አለበት፤ ክንድ ሲነሣ ብብት ይከፈታል፤ የሴቲቱ ጥፋት የያዘችውን አስቀድማ መሬት አለማስቀመጧ ነው። ባለቤትዎ የሚጠይቁዎት ደሞዝዎ በቀረበት ወራት ቤቱ በምን እንደሚኖር ይመስለኛል፤ ይህን በቁጥር ቢያስረዷቸው ምሳሌውን ደግመው ላይጠቅሱት ይችላሉ። የጓደኛዎን ንግድም በሌላው ምሳሌ ይፈትኑት፤ ፈቃዱ፣ ሱቁና ዕቃ አቅራቢው ካሉ መልካም ነው፤ ያለው ወሬ ብቻ ከሆነ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

በነገራችን ላይ የራሱን ስለሚያጠፋ ሰው ስንናገር «የብብቷን ጣለች»፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያልን ጥፋቱን ሁልጊዜ ለሴት መስጠታችን ይገርመኛል። የቤቱን እህል ከመስከረም እስከ አዝመራ አብቃቅታ የምታደርሰው እርሷ ሆና ሳለ፣ በምሳሌው ግን አባካኟ እርሷ ናት። በእርስዎ ቤት እንኳ የብብቱን ሊጥል የተነሣው ማን እንደሆነ ደብዳቤዎ ይመሰክራል።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ነው። «ቢቸግር ጤፍ ብድር» ስንል ከእህል ሁሉ ጤፍ የተመረጠው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለት ምክንያት ሲሰጥ ይሰማል። አንደኛው ፍሬው እጅግ ደቃቅ መሆኑ ነው፤ አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ስለዚህ ሲሰፈርም ሲመለስም በቀላሉ ይፈስሳል፣ ይጎድላል፣ ለንትርክም ያመቻል። ሁለተኛው ውድነቱ ነው፤ ገብስ ወይም በቆሎ የሚበደር ሰው እንኳ ጤፍ ለመበደር ያመነታል። ጎተራ የሚራቆተው በክረምት ነው፤ ጤፍ የሚታጨደው ደግሞ ከኅዳር ወዲህ ስለሆነ ተበዳሪዋ ዕዳውን ለወራት ተሸክማ ትቆያለች። ለእኔ የመጀመሪያው ምክንያት ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ምክንያቱም ጤፍ የሚያበድሩ ጎረቤታሞች ብዙ ጊዜ የሚጠነቀቁት ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ መስፈሪያው ነው፦ በየትኛው ጣሳ እንደተሰፈረና አፉ በእጅ ተስተካክሎ ወይስ ተቆልሎ እንደተሰጠ ሁለቱም ያስታውሳሉ፤ ሲመለስም በዚያው ጣሳ፣ በዚያው አሰፋፈር ይሆናል።